የወይፈኑ መንታ

የካቲት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ የአምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ከአምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤቴ፣ በበረቱ ደጃፍ አንዲት ቀይ ጊደር አስረን ቆመናል። ገመዱን እኔ ይዣለሁ፤ ቀንዷን ልጄ ባምላክ ይዟል፤ የባምላክ ሚስት ዝናሽ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሟ የምትታጠብበትን ውኃ ይዛ ጥቂት ራቅ ብላለች። የምጽፈው ስለዚያች ጊደር ነው፤ ስለ ዝናሽም።

ጊደሯ የተወለደችው በ1999 ዓ.ም.፣ ዝናሽ ምራቴ ሆና በገባችበት ዓመት ነው። ላሜ ዳልቻ በአንድ ቀን ሁለት ጥጃ ወለደች፤ መጀመሪያ ወይፈን፣ ቀጥሎ ጊደር። ዝናሽም ራሷ መዝሙር ከሚባል ወንድሟ ጋራ መንታ ሆና የተወለደች ስለ ነበረች፣ ጎረቤቱ ሁሉ “ሙሽራዪቱ በረከት ይዛ መጣች” አለ። ከዚያ አምስት ዓመት አለፈ። ወይፈኑ በሬ ሆኖ አረሰ። ጊደሯ ግን አንድ ቀን እንኳ ኮርማ ፈልጋ አታውቅም። ዝናሽም አልወለደችም። ባምላክ አንድ ልጄ ነው፤ ከእሱ በፊት የተወለዱት አራቱ በሕፃንነታቸው ሞተውብናል። ሳልሞት የልጅ ልጅ ማየት እፈልግ ነበር፤ ከዚህ በቀር በልቤ ሌላ ሐሳብ አልነበረም።

ጎረቤታችን ምንዳዬ ቀልደኛ ሰው ነው። በአጥሩ ላይ ተደግፎ ያየናል።

“አያ ነጋ፣ ምነው ይችን ጊደር ገዳም አያስገቧት? ለዓለም ሐሳብ የላትም እኮ!”

ሁላችንም ሳቅን። ዝናሽም ሳቀች፤ ጥርሷ ሸጋ ነበር።

ሐኪሟ ወንጌላዊት የምትባል የጎንደር ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጊደሯን በእጇም በመሣሪያም ከመረመረቻት በኋላ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

“አባባ፣ ይች ጊደር መንታ ነበረች?”

“አዎ።”

“መንታዋ ምን ነበር?”

“ወይፈን። ያ ከዚያ ማዶ የቆመው በሬ እሱ ነው።”

“እንግዲያ አይድከሙ። መሲና ናት።”

መሲና የምንለው የማትወልደውን ላም ነው። በምን እንዳወቀች ጠየቅኋት፤ እሷም እጇን እየታጠበች ነገረችኝ። ወንድና ሴት ጥጃ በአንድ ማኅፀን ሲያድሩ የሁለቱ የእንግዴ ልጅ ይገናኛል፤ ደማቸውም ይቀላቀላል። የወንዱ አካል ቀድሞ ወንድነትን የሚሠራ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ያ ንጥረ ነገር በደሙ በኩል ወደ ሴቲቱ ያልፍና የእሷ ማኅፀን ገና ሳይበጅ ያስቀረዋል። ከውጭ ሲያዩአት ጊደር ናት፤ ከውስጥ ግን ሳትፈጸም የቀረች ናት። ከእንዲህ ያሉት ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት አይወልዱም አለችኝ። ማንበብ እንደምችል ስነግራት ደስ ብሏት ከቦርሳዋ ስለ ከብት እርባታ የተጻፈች ሃያ አራት ገጽ መጽሐፍ ሰጠችኝ።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ከእኔ ጋራ የጀመሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ስማቸውን መጻፍ ሲችሉ ተዉት፤ እኔ ግን አልተውሁም። ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ደብዳቤ የማነብ፣ የማዳበሪያ ወረቀት የማስረዳ እኔ ሆንሁ። ስለዚህ ያችን መጽሐፍ ጾሙን ሁሉ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እያስኬድሁ አነበብኋት፤ ሦስት ጊዜ ጨረስኋት።

የመጀመሪያው ገጽ ወንድና ሴት እንዴት እንደሚለይ ይናገራል። “እንደ ሰው ሁሉ በከብትም” ይላል፤ እናት የምትሰጠው ኤክስ የተባለውን የዘር ምልክት ብቻ ነው፤ አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይሆናል። ይህ እጅግ ገረመኝ። ሴት ብቻ ወለደች ተብላ የተባረረች ስንት ሴት አውቃለሁ! ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ከወይፈን ጋራ ስለምትወለደው ጊደር የተጻፈውን አገኘሁ። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብሁ፦ በአንደኛው ገጽ የሰውና የከብት ሕግ አንድ ከሆነ፣ በስድስተኛው ገጽም አንድ ነው። ያቺን ሐሳብ ማንም አልነገረኝም፤ በመጽሐፉም አልተጻፈችም። ራሴ አወጣኋት፤ ራሴ ስላወጣኋትም ከተጻፈው ሁሉ አብልጬ ወደድኋት።

ወንጌላዊት በዚያ ጾም ከብት ልትከትብ ሁለት ጊዜ ወደ ቀበሌያችን መጥታለች። ጥያቄው በአፌ ላይ ነበር፤ ከወንድ ጋራ የተወለደች ሴት ልጅስ? ልላት ነበር። አልጠየቅኋትም። በአንዲት ልጅ ፊት አላዋቂ ሆኜ መቆም አልወደድሁም።

ለሚስቴ ለየትነበርሽ ግን ነገርኋት። እህል እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዷን አስቀምጣ አየችኝ።

“አንተ ሰው፣ ዝናሽ ላም ናት?”

“የሥጋ ነገር አንድ ነው፤ ተጽፏል።”

“እኔ የተጻፈ አላውቅም። የአባቴ እኅት ከወንድ ጋራ መንታ ነበረች፤ ሰባት ወልዳለች። አንተው ሁለቱን ዳርሃል።”

“ከመቶ ዐሥሩ ያመልጣል ይላል መጽሐፉ። አክስትሽ ከዐሥሩ ናት።”

“ዝናሽስ ከዐሥሩ እንዳትሆን ማን ከለከላት?”

ተቆጣሁ። “ማንበብ ስትማሪ እንነጋገራለን” አልኋት። የትነበርሽ ሰፌዷን አነሣች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሚያዝያ 7 ቀን የትንሣኤ በዓል ነበር። መሲና ትሰባለችና ጊደሯ ሰብታ ነበር። በማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ አረድናት። የዝናሽ መንታ መዝሙር እኅቱን ሊጠይቅ ከጎንደር መጥቶ ነበር፤ እዚያ ማራኪ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቶ አናጢነት ይሠራል። ቆዳውን ስንገፍፍ የሚያግዘን እሱ ነበር።

ሆዷ በተከፈተ ጊዜ ቢላዋውን ከምንዳዬ እጅ ተቀበልሁና ዝናሽን ጠራኋት። ሰፊውን ሳህን ይዛ መጣች፤ ጉበት የምሰጣት መስሏታል። እጄን ሰድጄ የጊደሯን ማኅፀን ፈልጌ አወጣሁ። ሌላ ላም ብትሆን አንድ እጅ የሚሞላ ነው፤ የዚያች ግን እንደ ጅማት የቀጠነ፣ እንደ ክር የተንጠለጠለ ነገር ነበር። በሳህኑ ላይ አኖርሁት። መጽሐፏን ከኮቴ ኪስ አወጣሁና ስድስተኛውን ገጽ ከፍ ባለ ድምፅ አነበብሁ። ከዚያ እንዲህ አልሁ፦

“ይህ የጊደሪቱ ነው። የዝናሽም እንዲሁ ነው፤ ከወንድ ጋራ ነውና የተወለደች። ማንም አልበደለም። ነገር ግን ልጄ መሲና ይዞ እንዲያረጅ አልፈቅድም።”

“ደግሞ አያ ነጋ ሐኪም ሆኑ!” አለ ምንዳዬ። ሊያስቅ ብሎ ነው፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

መዝሙር ከተንበረከከበት ተነሣ። እጁ እስከ ክንዱ ደም ነው።

“አያ ነጋ፣ ወይፈኑ እኔ ነኛ?”

“መጽሐፉ ነው የሚለው፣ ልጄ።”

“ዘጠኝ ወር አብሬያት ተኝቼ፣ እኅቴን አበላሽቼ ነው የወጣሁት?”

“ፈልገህ አይደለም።”

መዝሙር ወደ እኅቱ ዞረ፤ ነገር ግን ሊያያት አልቻለም፤ እጁን አየ። እሷ ሳህኑን እንደያዘች ቆማለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ፣ በዝግታ ጠየቀችኝ።

“አባቴ፣ ይህን የት ላስቀምጠው?”

“ለውሻ ስጪው” አልኋት።

ሄዳ ለውሻው ሰጠችው። ከዚያ ሳህኑን አጥባ በቦታው ደፋችው። ይህን የነገረችኝ የትነበርሽ ናት፤ እኔ ሥጋ እየመደብሁ ነበርና አላየሁም።

ባምላክ በማግሥቱ እግሬ ላይ ወደቀ። “አባባ፣ አንድ ዓመት ብቻ ይታገሡን” አለ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ከእኔ በአንድ ክንድ የሚረዝም ሰው ነው፤ ጢሙ ሳስቶ የበቀለ፣ ድምፁ ለስላሳ። ያለቅስ ነበር። “በአንድ ዓመት ማኅፀን አይበቅልም” ብዬ እግሬን ሰበሰብሁ። ጋብቻቸው በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልነበረምና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አለያዩአቸው። ዝናሽ ከወንድሟ ጋራ ወደ ጎንደር ሄደች። መሲና የሚለው ስምም ከእሷ ጋራ ሄደ፤ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የሚያውቃት ሁሉ እንዲያ ይላት ጀመር።

በ2005 ዓ.ም. ባምላክን ዳግመኛ ዳርሁት። ይመኙሽ ትባላለች፤ መንታ አለመሆኗን እናቷን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሁለት ዓመት አለፈ፤ አልወለደችም።

በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የትነበርሽ ከገበያ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወርድ በደጃፉ ቆመች።

“አየኋት” አለችኝ።

“ማንን?”

“ዝናሽን። ከጎንደር ወዲያ፣ ጠዳ ነው ያገባችው። አንድ አዝላለች፤ አንዱ ደግሞ በሆዷ ነው። ገበያው ሁሉ አያት።” ከዚያ “መጽሐፍህን አምጣና አንብብልኝ እስቲ” አለችኝ።

ከዐሥሩ ናት አልሁ። ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝም። በዚያው ሳምንት ባምላክን ይዤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወረድሁ። ሐኪሙ ብዙ አየው፤ ዘሩን መረመረ፤ ደሙንም ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ በኅዳር ደረሰ። የአጨዳ ጊዜ ስለ ነበር ባምላክ “እርስዎ ያነባሉ፤ እርስዎ ይሂዱልኝ” ብሎ ካርዱን ሰጠኝ።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞም እንዳለው፣ ከእነዚያ ሁለቱ ጾታን እንደሚወስኑ ሊያስረዳኝ ሲጀምር አቋረጥሁት።

“ይህን አውቀዋለሁ። ኤክስና ዋይ ነው። አንብቤአለሁ።”

“በጣም ጥሩ፤ እንግዲያ ይገባዎታል። ልጅዎ ዋይ አለው፤ ወንድ ነው። ነገር ግን አንድ ኤክስ ብቻ መሆን ሲገባው ሁለት ሆኖለታል። ሲፀነስ ጀምሮ ነው። በዘሩ ውስጥ ፍሬ የለም። በእኛ አቅም ልጅ የሚወልድበት መንገድ የለም፤ ለአጥንቱና ለጉልበቱ ግን የሚረዳው መድኃኒት አለ። እሱ ራሱ ይምጣ።”

ያን ጊዜ በአፌ አራት ዓመት ያህል የተቀመጠውን ጥያቄ አወጣሁት።

“ዶክተር፣ ከወንድ ጋራ መንታ ሆና የተወለደች ሴት መካን ትሆናለች?”

“ላም ከሆነች አዎ” አለና ፈገግ አለ። “ሰው ከሆነች ስለ ምን ትሆናለች? የሰው መንቶች ደም እንደ ከብት አይቀላቀልም።”

የምርመራው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር። እኔም ኮራ ብዬ “ከሥሩ በአማርኛ ይጻፉልኝ፤ እኔ ራሴ አነበዋለሁ” አልሁት። ጻፈልኝ፤ ፈርሞ ቀን አኖረበት፤ ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.።

ወረቀቱን ወደ ቤት ወስጄ በሳጥኔ ውስጥ፣ ከከብቱ መጽሐፍ ሥር አኖርሁት። ቆለፍሁ። ባምላክ ከእርሻ ሲመለስ “ምን አሉ?” ቢለኝ፣ “ደኅና ነህ፤ ጊዜ ይፈልጋል አሉ” አልሁት። ልጄ እንዳያዝን ብዬ ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያንን ወረቀት ካወጣሁ፣ በትንሣኤ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ያነበብሁት ሐሰት ሆኖ ይታያል። በዝናሽ ላይ የሠራሁት ካለማወቅ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግን እያወቅሁ የሠራሁት ነው።

ሰፈሩ ይመኙሽን ማማት ጀመረ። እኔ ዝም አልሁ። አልፎም፣ ጠበል ትሂድ ሲባል “መልካም ነው” ያልሁት እኔ ነኝ። በነሐሴ ዝናብ ሃያ አንድ ቀን በባዶ እግሯ እየሄደች በሌሊቱ ብርድ ተጠመቀች፤ ስትመለስ ደረቷ ይጮህ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና አለችኝ፦

“አባቴ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። በመጽሐፍዎ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ነገር የለም?”

ሳጥኑ ከጀርባዋ ነበር፤ ተደግፋዋለች።

“የለም፣ ልጄ” አልኋት።

በጥር 2010 ዓ.ም. ባምላክ ራሱ መጣ። ከዝናሽ ወዲህ በቤታችን ሳቅ አያውቅም፤ በጠባዩም ክፉ እየሆነ ሄዶ ነበር።

“አባባ፣ ይችንም ያሰናብቱልኝ። እንደ ፊተኛዪቱ ሽማግሌ ሰብስበው ከመጽሐፉ ያንብቡ።”

“ስለ እሷ የተጻፈ የለም።”

“ለዝናሽ ተገኝቶ ለይመኙሽ ይጠፋል?”

“አሁን ተወኝ፤ ዐይኔን አሞኛል።”

“እንግዲያ እኔ አነበዋለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ የለም? ቁልፉን ይስጡኝ።”

አልሰጠሁትም። የሳጥኑ ማጠፊያ አሮጌ ነበር፤ በአንድ እጁ ነቀለው። መጽሐፏን አነሣ፤ ከሥሯ ወረቀቱ ወጣ። የራሱን ስም አየበት። የትነበርሽ ከምድጃው አጠገብ ነበረች፤ ይመኙሽ ዱቄት ይዛ በበሩ ስትገባ ቆመች። ባምላክም ቃል በቃል፣ ልክ እኔ እንደማነበው ጣቱን እያስኬደ አነበበ።

“ባለጉዳዩ ልጅ መውለድ ያልቻለው ከራሱ አፈጣጠር የተነሣ ነው። ሚስቱ በዚህ ምክንያት ልትወቀስ አይገባም። ለሕክምና በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ይምጣ።”

ቀኑንም አነበበ። በጣቶቹ ቆጠረ።

“ሁለት ዓመት ከሁለት ወር” አለ።

“ልጄ፣ እንዳታዝን ብዬ...”

“የዝናሽን በሳህን አስይዘህ ለሕዝብ አሳየህ። የእኔን በሳጥን ቆለፍህበት።”

በሕይወቱ ሙሉ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው። አንተ ያለኝ ያን ቀን ነው። ከዚያም መጽሐፏን በእጄ አኖረና “እስቲ አሁን ተነሥና አንብብ፤ ይመኙሽ ትስማህ” አለኝ። ማንበብ አልቻልሁም። ፊደሎቹን አያቸዋለሁ፤ ቃል ግን አልሆን አሉኝ።

ይመኙሽ ዱቄቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሳል ያዛት፤ ሳሉ እስኪለቃት ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ “ተደግፌው ነበር” አለች። በዚያው ዕለት ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ባምላክ በሦስተኛው ቀን ወጣ። መተማ የሰሊጥ አጨዳ ላይ አየሁት ያለኝ ሰው አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወሬውን የነገረኝ የለም። ሐኪሙ የተናገረውን መድኃኒት ይውሰድ አይውሰድ አላውቅም። የትነበርሽ ከእኔ ጋራ ትኖራለች። ምግቤን ታቀርባለች፤ አብራኝ ግን አትበላም።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ጠዳ ሄድሁ፤ ዝናሽን ይቅርታ ልጠይቃት። በደጃፏ ተቀበለችኝ። እንደ እንግዳ ወግ ውኃ አምጥታ አስታጠበችኝ፤ ምግብም አቀረበችልኝ። የተናገርሁትን ሁሉ ጎንበስ ብላ ሰማች። ከውስጥ የሕፃናት ድምፅ ይሰማ ነበር።

“ልጆችሽን አሳዪኝና ልመርቃቸው” አልኋት።

“አላሳይዎትም።”

“ምነው፣ ልጄ?”

“ከፍተው ያዩአቸዋል ብዬ እፈራለሁ” አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ በእውነት ስትፈራ አየኋት። “መዝሙርም እስከ ዛሬ ድረስ ሚስት አላገባም። ማንን ደግሞ ላበላሽ ይላል። ሐኪም የነገረዎትን ሄደው ይንገሩት።”

ሄድሁ። በማራኪ የሥራ ቤቱን በር ከውስጥ ዘግቶ እንጨት ሲልግ ቆየ። በበሩ በኩል ነገርሁት፤ መላጊያው አላቆመም። መስማቱን አላውቅም።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዐይኔም ደክሟል። ይህን የጻፍሁት በሁለት ክረምት ነው። ጊደሯ ቀይ ነበረች ብያለሁ፤ የትነበርሽ ቡሬ ነበረች ትላለች። ዝናሽ ሳህኑን ይዛ ስትቆም አላለቀሰችም ብዬ ጽፌአለሁ፤ ነገር ግን እኔ ያየሁት ፊቷን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያየሁት እንደዚያ ይሁን ወይም እንደዚያ እንዲሆን ፈልጌ እንደሆነ ዛሬ መለየት አልችልም። በዚያ የትንሣኤ ማለዳ በግቢዬ የነበራችሁ፣ ምንዳዬም ብትሆን፣ መዝሙርም ብትሆን፣ ልጄ ባምላክም ይህ ጽሑፍ በእጅህ ከገባ፣ ያሳነስሁት ወይም ያሳመርሁት ነገር ካገኛችሁበት፣ እኔ ሳልሞት አርሙልኝ።